እውነት የሚመስለው ድራማና ሕልም የሚመስለው ክሊፕ



እኛ በሎስ አንጀለስና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን መስኮት የሚያየው ነገር ከሚመረትበት ሠፈር ጋር ጎረቤታሞች ነን። ከመካከላችን በስቱዲዮ በር ጥበቃ የሠራ፣ በፓርኪንግ ቆሞ የዝነኞችን የመኪና ቁልፍ የተቀበለ፣ በታክሲው ተዋናዮችን ያመላለሰ ጥቂት አይደለም። መንገድ ተዘግቶ «ፊልም እየተነሣ ነው» ተብለን ከሥራ የዘገየንበት ቀንም አለ። ይሁን እንጂ ከዚሁ ሠፈር የሚወጡት ሁለቱ ዋና ዋና ሸቀጦች፣ ማለትም ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማና የሙዚቃ ክሊፕ፣ እንዴት እንደሚሠሩና በምን ደንብ እንደሚገዙ አንሥተን የተወያየንበት ጊዜ እምብዛም የለም። በዚህ በዐሥረኛው ዓመት መጽሔታችን ጥቂት ገጾች ለዚህ ጉዳይ መስጠታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን በውጭው ዓለም ዘንድ የምትታወቅበት መልክ በአመዛኙ የተቀረፀው በ1984 እና በ1985 በቴሌቪዥን አማካይነት ነው፤ መልኩን በሰው ልብ ውስጥ ያተመው ደግሞ ከዜናው ይልቅ ዘፈኑ ነው። ይህን በሚገባ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ ከድራማው መጀመር ግድ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«እውነታዊነት» የሚባለው የአጻጻፍ ስልት ለእኛ ለአማርኛ አንባብያን እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካሳተሙ በኋላ፣ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በዚያ ግርማ ባለው ድምፁ በሬዲዮ ሲተርከው፣ በዛብህ የሚባል ሰው በእርግጥ ኖሮ የሞተ ያህል ያለቀሰ አድማጭ ብዙ ነው። እንባው እውነተኛ ነበር፤ በዛብህ ግን አልነበረም። የዌልስ ተወላጅ የነበረው ምሁር ሬይመንድ ዊሊያምስ በ1970ዎቹ ስለ እውነታዊነት ሲያስተምር ካነሣቸው ምልክቶች መካከል፣ የነገሥታትና የመኳንንት ብቻ ሳይሆን የተራው ሰው ኑሮ መድረክ ላይ መውጣቱ፣ ታሪኩ በራሳችን ዘመን መካሄዱ፣ ለሚደርሰውም ነገር ምክንያቱ በተአምር ሳይሆን በሰው ሥራ ውስጥ መፈለጉ ይገኙባቸዋል። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ከነዚህ ምልክቶች አንዱም «ነገሩ በእርግጥ ተፈጽሟል» የሚል አለመሆኑን ነው። እውነታዊነት የመምረጥና የማሳየት ዘዴ ነው። ዘዴ እንደመሆኑም መጠን ዘመን ይለውጠዋል።

በዚህች በእኛ ከተማ ይህን ዘዴ በቴሌቪዥን አስቀድሞ ያስለመደው «ድራግኔት» የተባለው የፖሊስ ድራማ ነው። በሬዲዮ በ1949፣ በቴሌቪዥን በ1951 የጀመረ ሲሆን፣ ጃክ ዌብ የሚባለው ሰው ራሱ ያዘጋጀዋል፣ ራሱም መርማሪውን ሆኖ ይጫወታል። ታሪኮቹ ከሎስ አንጀለስ ፖሊስ መዝገብ የተወሰዱ ነበሩ። ክፍሉ ሲጀምርም ታሪኩ እውነት መሆኑና ስሞቹ ብቻ መለወጣቸው ለተመልካች ይነገረዋል። ተዋንያኑ ስሜት በሌለው ድምፅ ቀኑንና ሰዓቱን እየጠሩ ይናገራሉ፤ ያን ጊዜ የእውነት ምልክቱ ይህ ነበር። መዝገቡ ግን የፖሊሱ መዝገብ ነው። በዚሁ ፖሊስ ላይ የጥቁሩና የሜክሲኮ ተወላጁ ሠፈር የሚያሰማው አቤቱታ በዚያ መዝገብ ውስጥ ስላልነበረ በድራማውም አልታየም። በ1965 ዋትስ በተባለው ሠፈር ረብሻ ሲነሣ ከመገረም አልፎ የደነገጠው ተመልካች፣ ከተማውን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቀው ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1981 ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን በኤንቢሲ ጣቢያ «ሂል ስትሪት ብሉዝ» የተባለ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። የፈጠሩት ስቲቨን ቦችኮና ማይክል ኮዞል ናቸው፤ የመጀመሪያውን ክፍል በዳይሬክተርነት የመራው ሮበርት በትለር ነበር። ታሪኩ ስሟ በማይጠራ ትልቅ ከተማ፣ በድሆች ሠፈር ባለ ፖሊስ ጣቢያ ይካሄዳል። የጣቢያው የውጭ ገጽታ ቺካጎ ውስጥ የተነሣ ሲሆን፣ አብዛኛው ሥራ የተሠራው እዚሁ ስቱዲዮ ሲቲ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1977፣ «ዘ ፖሊስ ቴፕስ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም በኒው ዮርክ ደቡብ ብሮንክስ ውስጥ ፖሊሶችን እግር በእግር ተከትሎ ተሠርቶ ነበር። የበትለር አሠራር የተቀዳው ከዚህ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የቴሌቪዥን ድራማ ካሜራ ሦስት እግር ባለው ማቆሚያው ላይ ጸንቶ፣ ብርሃኑ ተስተካክሎ፣ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው እየተናገረ ነበር የሚቀረፀው። በትለር ይህን ሁሉ ገለበጠው። ካሜራው በእጅ ተይዞ ይንቀጠቀጣል። ዋናው ተዋናይ በሚናገርበት ሰዓት ፊት ለፊቱ ሌላ ሰው ያልፋል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይናገራል፤ ከጀርባ ስልክ ይጮኻል። በትለር ሠራተኞቹን ነገሩ እንዳይጸዳ፣ እንዲዝረከረክ አድርጉት ይላቸው እንደነበር ይነገራል።

የታሪኩ አወራረድም እንደዚሁ አዲስ ነበር። ክፍሉ ብዙውን ጊዜ በማለዳ፣ ተረኞቹ ፖሊሶች ተሰብስበው የቀኑን ትእዛዝ ሲቀበሉ ይጀምርና ሌሊት ላይ ያበቃል። በመካከሉ አራት አምስት ጉዳይ ተጠላልፎ ይሄዳል፤ አንዱ ያልቃል፣ አንዱ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል፣ አንዱ ደግሞ ፈጽሞ ሳይፈታ ይቀራል። ሌባው ሳይያዝ ይመሻል። የለመደው ተመልካች ግር ስላለው በመጀመሪያው ዓመት ያየው ሕዝብ ጥቂት ነበር። ተቺዎች ግን ወደዱት፣ በዚያው ዓመትም ስምንት የኤሚ ሽልማት ወሰደ። ጣቢያውም ታገሠውና እስከ 1987 ድረስ 146 ክፍሎች ቀረቡ። ዛሬ የምናያቸው ተከታታይ ድራማዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ታሪክ የሚያስኬዱት፣ ይህ ድራማ በጠረገው መንገድ እየሄዱ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንወድም። በመጀመሪያው ክፍል ሂልና ሬንኮ የሚባሉ ሁለት የጥበቃ ፖሊሶች፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ ሰው የማይኖርበት ሕንጻ ውስጥ ገብተው በጥይት ይመታሉ። በታሰበው መሠረት ሬንኮ በዚያው እንዲሞት ነበር። ገጸ ባሕርይው ስለተወደደ ግን እንዲተርፍ ተደረገ፤ እስከ መጨረሻውም አብሮ ዘለቀ። በእውነተኛው ጎዳና ላይ ጥይት «ይህ ሰው ተወዷል» ብሎ አይመለስም። እውነታዊው ድራማም ቢሆን በስተመጨረሻ ለተመልካቹ ልብ ይታዘዛል ማለት ነው።

የሚንቀጠቀጠው ካሜራም ቀስ በቀስ ራሱን የቻለ ደንብ ሆነ። በ1993 የጀመሩት «ኤንዋይፒዲ ብሉ» እና «ሆሚሳይድ» አጋነኑት፤ ተመልካቹም ምስሉ ከተንቀጠቀጠ «ይኼ እውነት ነው» ማለትን ለመደ። በዚህች ከተማ ግን የእውነት የተንቀጠቀጠ ምስል ምን እንደገጠመው እናውቃለን። ማርች 3 ቀን 1991 ሌሊት አንድ ነዋሪ ከቤቱ ሰገነት ላይ ሆኖ ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግን ሲደበድቡ በትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ቀረፀ። በሲሚ ቫሊ በተካሄደው የፍርድ ሂደት የተከሳሾቹ ጠበቆች ያንኑ ቪዲዮ እያዘገሙና አንዷን ምስል ከሌላዋ እየነጠሉ ለዳኞቹ አሳዩ። ዱላው ከቀጣዩ ዱላ፣ ምክንያቱም ከውጤቱ ተለያየ። ኤፕሪል 29 ቀን 1992 ከአንዱ ፖሊስ ላይ ከቀረ አንድ ክስ በስተቀር ተከሳሾቹ ነጻ ተባሉ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን በዚያ ሰሞን እዚህ የነበሩ አባሎቻችን ጭሱን እያስታወሱ ይነግሩናል። ከዚህ የምንረዳው፣ እውነቱ ያለው በምስሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ምስሉ ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር በተያያዘበት መንገድ ጭምር መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ሙዚቃ ክሊፕ እንሻገር። የሚገርመው፣ «ሂል ስትሪት ብሉዝ» በጀመረበት በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 1 ቀን 1981 ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ በኋላ ኤምቲቪ የተባለው ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ያሳየው «ዘ በግልስ» የተባሉት እንግሊዛውያን በ1979 የሠሩትን ክሊፕ ነበር፤ ዘፈኑም ቪዲዮ የሬዲዮውን ኮከብ ስለ መግደሉ ነው። ከዚያ ሌሊት በፊትም ዘፈንን በፊልም መቅረፅ ነበር። ሆኖም ቀንና ሌሊት ክሊፕ ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ ሲመጣ ክሊፕ እንደ አንድ የጥበብ ዘርፍ የራሱን ደንብ አወጣ።

ዋናው ደንብ ዘፈኑ ቀዳሚ መሆኑ ነው። በድራማ ታሪኩ ይቀድማል፤ ሙዚቃው ኋላ ይጨመርበታል። በክሊፕ ዘፈኑ ተቀርፆ አልቋል፣ ምስሉ ይከተለዋል። ዘፋኙ በካሜራው ፊት አይዘፍንም፤ በፕሌይባክ አፉን ያንቀሳቅሳል። በዝግታ የሚንሳፈፍ ሆኖ ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር የሚገጥምበት ክሊፕ ያየ ሰው ምስጢሩን ሳይጠይቅ አይቀርም። ሲቀርፁ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ያጫውቱና ዘፋኙ እየተጣደፈ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ካሜራውም በእጥፍ ፍጥነት ያነሣዋል። ፊልሙ ወደ ተለመደው ፍጥነት ሲመለስ ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር ይስማማል፣ ልብሱና ፀጉሩ ግን ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ምስሉ የሚቆራረጠው በምቱ ነው እንጂ በድርጊቱ አይደለም። ክሊፕ በመሠረቱ የሸክላ አሳታሚው ማስታወቂያ ስለሆነም የዘፋኙ ፊት ቶሎ ቶሎ ቀርቦ መታየት አለበት። አንድሩ ጉድዊን የተባለው ምሁር በ1992 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ምስሉ ግጥሙን እንዳለ ሊያሳይ፣ ሊያሰፋው ወይም ጭራሹን ሊቃረነው ይችላል፤ ሦስቱም ይፈቀዳል።

በእኛ አስተያየት ከሁሉም የሚበልጠው ልዩነት ግን ሌላ ነው። በድራማ ተመልካቹ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ለምን ተናደደ? ልጅቱ ለምን ጠፋች? ደራሲው ካልመለሰ ድራማው ይወድቃል። በክሊፕ ግን ዘፋኟ በአንድ ስንኝ በረሃ ላይ፣ በሚቀጥለው ስንኝ ሌላ ልብስ ለብሳ ባሕር ዳር ብትቆም «እንዴት መጣች?» የሚል የለም። ዜማው አያይዞታልና ሌላ ማያያዣ አይፈለግም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሕልምም እንዲሁ ነው። ሕልምን ስለ ምክንያቱ የሚከስሰው የለም።

የዚህን ደንብ ኃይል የሚያሳዩት ሁለቱ የማይክል ጃክሰን ክሊፖች የተሠሩት እዚሁ በ1983 ነው። ቦብ ጂራልዲ ያዘጋጀው «ቢት ኢት» የተቀረፀው መሐል ከተማችን ባለው ስኪድ ሮው ሲሆን፣ ከዳንሰኞቹ ጋር የእውነተኛ የወሮበላ ቡድን አባላት ተደባልቀው ገብተዋል። ፊታቸው፣ አረማመዳቸው፣ ቦታው ሁሉ የእውነት ነው። ነገር ግን ጠቡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ዘፋኙ ገብቶ በመካከላቸው ይጨፍራል፣ ሁሉም ተሰልፈው አብረው ይደንሳሉ፤ ጠብ የለም። ቡድኖቹ በምን እንደተጣሉ የሚጠይቅም የለም። «ትሪለር» ደግሞ በዲሴምበር ታየ። የሲኒማ ዳይሬክተሩ ጆን ላንዲስ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ የሠራው፣ ዐሥራ አራት ደቂቃ ያህል የሚረዝም፣ ክሊፕ ይባል ፊልም የሚያከራክር ሥራ ነው። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ኤምቲቪ ጥቁር ዘፋኞችን እምብዛም አያሳይም ነበር። በዚያው በ1983 መጀመሪያ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ በራሱ በጣቢያው ቃለ ምልልስ ላይ ተቀምጦ ምክንያቱን ጠይቋቸዋል። የቦዊን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለቱ መንገዶች ብዙም ሳይቆዩ ተገናኙ። በሴፕቴምበር 1984 የጀመረውን «ማያሚ ቫይስ» የፈጠረው አንተኒ ዬርኮቪች ከ«ሂል ስትሪት ብሉዝ» ደራሲዎች አንዱ የነበረ ሰው ነው። እዚህ ግን ፖሊሶቹ በውድ ልብስ ደምቀው፣ በሌሊት መኪና ሲነዱ ረጅም ዘፈን ይለቀቅላቸዋል፤ ለደቂቃዎች የሚናገር የለም። ድራማው ክሊፕ ሆነ።

ከአንድ ወር በኋላ ነው የእኛ ጉዳይ የመጣው። ያ ጊዜ በእኛ አቆጣጠር የ1977 መባቻ ነው። በመስከረም የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታና የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ ታላቅ ሰልፍ ተከብሮ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በቀለም ማሳየት የጀመረው ለዚሁ በዓል ነው። በሰሜን ግን ሕዝብ እያለቀ ነበር። ኦክቶበር 23 ቀን 1984 ቢቢሲ ማይክል በርክ ከኮረም የዘገበውን፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን የቀረፀውን ዜና አቀረበ። በዚያው ቀን ምሽት በአሜሪካም በኤንቢሲ ታየ። ጋዜጠኛው ያየውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳስሎታል። የአሚን ካሜራ አልተጣደፈም፤ በየፊቱ ላይ ረጋ ብሎ ይቆያል። የሰው ልብ የነካውም ይኸው ነው።

ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ከዚያ ተነሥተው በኖቬምበር 25 ቀን የእንግሊዝ ዘፋኞችን ለንደን ውስጥ ኖቲንግ ሂል በሚገኝ ስቱዲዮ ሰበሰቡ። የዘፈኑ ርእስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ክርስትና በአራተኛው ምዕት ዓመት የገባባትን አገር ይህን መጠየቅ ምን ይባላል? ዲሴምበር 25 ቀን አንድ የኮረም ገበሬ ቢጠየቅ ኖሮ «ኧረ ገና፣ ገና ነው፤ ጾም ላይ ነን» ይል ነበር። ለጊዜው ቀልዱን እንተወውና ክሊፑን እንመልከት። ካሜራው በአመዛኙ ስቱዲዮው ውስጥ ነው። ዘፋኞቹ በማለዳ ሲገቡ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ሲዘፍኑ፣ ሲስቁ ይታያሉ። ይህ ሁሉ ከዘጋቢ ፊልም የተወሰደ ምልክት ነው፤ እውነታዊነቱ ግን ለዘፋኞቹ ተሰጠ። ረሃብተኛው በግጥሙ ውስጥ ወንዝ የማይፈስስበት፣ ምንም የማይበቅልበት አገር ሰው ሆኖ ቀረ። የዓባይ አገር ሰው!

የአሜሪካኖቹ ተራ የደረሰው በጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሌሊት ሲሆን፣ የተቀረፀበትም ቦታ ላብሪያ ጎዳና ላይ የነበረው የኤ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ነው። በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ከተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳናችን በመኪና ሩቅ አይደለም። ሐሳቡን ያመነጨው ሃሪ ቤላፎንቴ ነው፤ ዘፈኑን ማይክል ጃክሰንና ሊዮኔል ሪቺ ደረሱት፤ ኩዊንሲ ጆንስ መራው። የዚያን ሌሊት ታሪክ በ2024 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ብዙ ሰው አይቶታል። ለእኛ ግን ከሁሉም የሚስበን ሁለት ነገር ነው። ስቲቪ ዎንደር በዘፈኑ ውስጥ የስዋሂሊ ቃል እንዲገባ ሐሳብ አቅርቦ ክርክር ተነሣ፤ ዌይሎን ጄኒንግስ የተባለው ዘፋኝ ጥሎ ወጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ እንደማይነገር ያስታወሳቸው ከአየርላንድ የመጣው ጌልዶፍ ነበር። በዚያው ሌሊት ዎንደር የጋበዛቸው ሁለት ኢትዮጵያውያት ወደ ስቱዲዮው ገብተው ምስጋናቸውን ተናገሩ፤ ዘፋኞቹ አለቀሱ። በክሊፑ ላይ ግን የምናየው ዘፋኞቹን ነው። የአገራችን ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ በራሱ አንደበት ተናግሮ፣ ዓለም ግን ድምፁን አልሰማም።

በጁላይ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ «ላይቭ ኤይድ» ሲካሄድ የነገሩ ቁንጮ መጣ። የካናዳ ቴሌቪዥን ባልደረቦች ከሰሜን ኢትዮጵያ የመጣውን ምስል «ዘ ካርስ» ከተባለው ቡድን «ድራይቭ» ከሚለው ዘፈን ጋር አቀናጅተውት ነበር። ዴቪድ ቦዊ ለመዝፈን ከተሰጠው ጊዜ ላይ አንድ ዘፈን ትቶ ይህን ክሊፕ አስተዋወቀ። ዌምብሌይ ጸጥ አለ፤ ገንዘቡም ጎረፈ። ልብ በሉ፤ ይኸው ዘፈን ከአንድ ዓመት በፊት የራሱ ክሊፕ ነበረው። ያኛው ተዋናዩ ቲሞቲ ሃተን ያዘጋጀው፣ ፍቅሯ የፈረሰባትን አንዲት ቆንጆ ሴት የሚያሳይ ነው። በዚያው ዜማና በዚያው ግጥም ሥር መጀመሪያ የፋሽን ሞዴል፣ ቀጥሎ የሰሜን ኢትዮጵያ ሕፃን ተቀመጠ፤ ሁለቱም ገጠሙ። የክሊፕ ደንብ ማለት ይህ ነው። ዜማው ያያይዘዋል፤ «ለምን?» የሚል የለም።

መልስ ያጣው «ለምን» ብዙ ነበር። ረሃቡ በጸናበት በትግራይና በወሎ ጦርነት እንደነበረ፣ መንግሥት ለሠራዊቱና ለበዓሉ ሲያወጣ ሰሜኑን ለጋዜጠኛ ዘግቶ እንደቆየ፣ ርዳታው ከመጣም በኋላ ገበሬው በግድ ለሠፈራ እንደተጫነ፣ ይህ ሁሉ በአራት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ቦታ የለውም። ድራማ ቢሆን ኖሮ ጥፋተኛ ይኖረዋል፤ ሰውም ይናገራል። ክሊፕ ሲሆን ግን ከሰማይ የወረደ መዓት ሆነ።

የተደረገልንን ውለታ አንክድም። ላይቭ ኤይድ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ የአሜሪካኖቹ ዘፈን ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝተዋል። በዚያ ስንዴ የተረፈ ወገን አለ፤ ከመካከላችንም ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የምስሉ ዕዳ ለልጆቻችን ተላልፏል። በዚያ ዘመን እዚህ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ምን ይባሉ እንደነበር ወላጅ ያውቃል። የለንደኑ ዘፈን በ2024 ለአርባኛ ዓመቱ እንደገና ተቀናብሮ ወጥቷል። ዛሬም በዲሴምበር ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሲሰማ፣ እዚህ የተወለደ ልጅ ወደ እናቱ ቀና ብሎ ያያል።

በላይቭ ኤይድ ክሊፕ ውስጥ ሞት አፋፍ ላይ የታየችው ሕፃን ብርሃን ወልዱ ትባላለች። መቀሌ አካባቢ ስትቀረፅ ትተርፋለች ያለ አልነበረም። ተረፈች፤ ተማረች። ጁላይ 2 ቀን 2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው «ላይቭ ኤይት» ላይ ጌልዶፍ የሕፃንነት ፊቷ በታላቁ ስክሪን ላይ እንዲቆም አድርጎ፣ የግብርና ትምህርቷን ፈተና ማለፏን ተናግሮ፣ እሷኑ በአገር ልብስ ወደ መድረክ አወጣት። ጥቂት ቃል ተናገረች። ወዲያው ማዶና እጇን ይዛ መዝፈን ጀመረች። ሃያ ዓመት ጠብቃ ያገኘችው የንግግር ጊዜ ከአንዱ ዘፈን መግቢያ አይበልጥም።

ወደ ራሳችን ሥራ ስንመለስ ደግሞ ከትችት አናመልጥም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአገር ቤትም በስደትም የተሠሩት ክሊፖቻችን በአብዛኛው መልስ ነበሩ። ዘፋኙ በአበባ መካከል ወይም በፏፏቴ ዳር ቆሞ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ እዚህ ከሆነ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር፣ ጎኑ የተከራየው መኪና። በመካከል ላሊበላ፣ ጢስ ዓባይ፣ የፋሲል ግንብ ይገባል። «ረሃብ ብቻ አይደለንም» ለማለት ነው፤ ስሜቱ ይገባናል። ይሁንና ረሃቡን በአበባ መመለስ ያንኑ የክሊፕ ደንብ መቀበል ነው፤ ያችም አገር ምክንያት የሌላት፣ ሰው የማይናገርባት አገር ናት። በየሳምንቱ የምንከታተላቸው አዳዲሶቹ የአማርኛ ድራማዎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከሰፊ ቪላ ሳሎን መውጣት አልሆነላቸውም። የታክሲ ረዳቱን፣ የጉሊት ሻጯን፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችውን ልጅ ኑሮ በምክንያትና በውጤት የሚያሳየን ድራማ ስናገኝ፣ ጥላሁን ገሠሠ አዲስ ካሴት ባወጣ ጊዜ እናደርግ እንደነበረው እየተጠራራን ማየት ይገባናል።

ይህ ሁሉ ለማኅበራችን የቅርብ ጉዳይ የሆነው በዐሥረኛው ዓመት በዓላችን ላይ የሚታይ ፊልም ለመሥራት በታሰበ ጊዜ ነው። ወጣቶቹ ዘፈን ያለበት የአራት ደቂቃ ክሊፕ ይሁን አሉ። አረጋውያኑ ደግሞ የሁሉም መሥራች ንግግር ሳይቆረጥ ይግባ አሉ፤ ቢደመር ሁለት ሰዓት ይሆናል። ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጅቶ በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደርሷል። እያንዳንዱ ሰው እንዴት እንደመጣ፣ ለምን እንደመጣ፣ የመጀመሪያውን የቤት ኪራይ በምን እንደከፈለ በራሱ ድምፅ ይናገራል፤ እሱ ሲናገር ከሥር ሙዚቃ አይገባም። ከዚያ በኋላ ወጣቶቹ የወደዱትን ዘፈን ይልቀቁ፤ ካሜራውንም የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ለዚሁ ፊልም አሮጌ የቪዲዮ ክር እንሰበስባለን። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የእንቁጣጣሽ፣ በፓርክ የተደረገ የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ ለአገር ቤት ዘመድ ሊላክ ታስቦ ሳይላክ የቀረም ቢሆን ይጠቅመናል። ክሩ ተገልብጦ በሳምንቱ ይመለሳል። በካርቶኑ ላይ ዓመቱን፣ ቦታውንና የሚታዩትን ሰዎች ስም ጻፉልን። አንዳንድ አባላት ቀድመው በቤታቸው ገልብጠው በላዩ ላይ ዘፈን ጭነውበት አምጥተውልናል፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ከጀርባ የሚሰማውን የልጆች ጫጫታ፣ «እንጀራ ጨምሩ» የሚለውን ድምፅ፣ የሚጠራውን ስልክ ሁሉ እንዳለ እንፈልገዋለን።